በነገሳ ቀኝ

ስለ እግሬ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነውና። በልጅነቴ ያገኘኝ በሽታ ግራ እግሬን አቅጥኖት ሄደ። ብረት ታስሮለታል፤ ስራመድ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከእግሬ ቀጥሎ ሰው የሚያውቀው ምላሴን ነው። እሱ ላይ እንኳ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ስሜ የማርያምወርቅ ነው። የሚወዱኝ ወርቄ ይሉኛል፤ ሲናደዱብኝም ወርቄ ይሉኛል፤ ድምፃቸው ብቻ ይለያል።

ያን ጊዜ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ስልክ ቤት ነበር የምሠራው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ገመድ እየነቀልኩ እየሰካሁ፣ የአዲስ አበባን ሰው ከድሬዳዋና ከጅማ ሰው ጋር አገናኛለሁ። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። ሲመሽ ግን እንጦጦ ማርያም አጠገብ ወዳለው ቤታችን ዳገቱን በምርኩዝ መውጣት አለብኝ። ክንዴን ላየ ሰው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው የምመስለው።

እሑድ እሑድ የካ ሚካኤል ጀርባ፣ ኃይለ መስቀል ቤት እንሰበሰባለን። ኃይለ መስቀል ፊያት የጭነት መኪና የሚነዳ ግዙፍ ሰው ነው። ሚስቱ ወለተጊዮርጊስ አስተማሪ ናት፤ የልጅነት ጓደኛዬም ናት። ከበበ የሚባል የባንክ ጸሐፊም አለን፤ ሱፉ የማይጨማደድ፣ ወሬው የማያልቅ። ራሳችንን የሽርሽር ማኅበር ብለን ሰይመን ቢሾፍቱም ሄድን፣ ሶደሬም ሄድን፣ በመጨረሻ ሰለቸን።

አንድ እሑድ ኃይለ መስቀል አንድ ረጅም፣ ጠይም ሰው ይዞ ገባ።

«ነገሳ ፉፋ ይባላል። የካራ ልጅ ነው» አለ። «ለመንግሥት ወንዝ ይለካል። የጎማ ጀልባ አለው። አዋሽ ላይ በጀልባ ሊወስደን ነው!»

«ፈረንጆቹ ጥናታቸውን ሲጨርሱ ነው የተዉልን» አለ ሰውዬው በትሕትና። «ጀልባ መንዳቱንም ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ወንዙ የሚቆጣበት ቦታ አለ፤ የሚተኛበትም ቦታ አለ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ግን ሰው ሁሉ እኩል አይደለም። ማን ምን እንደሚችል ሳላውቅ ማንንም አላሳፍርም። እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ዋና የሚችል ማነው? ውሃ የሚፈራስ?»

አሁን ልብ በሉልኝ። እንግዳ ሰው ፊት «አልችልም»፣ «እፈራለሁ» ማለት ማን ለመደና!

«ዋና? ኧረ ተወኝ!» አለ ከበበ ሳቅ ብሎ። ከበበ ከመታጠቢያ ሳፋ የጠለቀ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

«ምን ያስፈራል?» አለ ኃይለ መስቀል።

«እኛም አንፈራም» አለች ወለተጊዮርጊስ፣ ባሏን ላለማሳፈር።

ተራው ለእኔ ደረሰ።

«ዋና አልችልም» አልኩ። «ይህ እግሬ አይታዘዝልኝም። ብረቱን ካወለቅሁማ መቆምም አልችልም። ውሃም እፈራለሁ። ክንዴ ግን ብርቱ ነው። መሄድ ደግሞ በጣም፣ በጣም እፈልጋለሁ።»

ነገሳ አየኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሰው እግሬን ያይና ቶሎ ብሎ ዓይኑን ይሰብራል፤ ለምጄዋለሁ። እሱ ግን ፊቴን ነው ያየው። ስናገር ከንፈሬን ያያል፣ ስጨርስ ዓይኔን ያያል፣ ደግሞ ወደ ከንፈሬ ይመለሳል። ጉንጬ ጋለ። እኔ ወርቄ፣ ለሚኒስትር እንኳ «መስመሩ ተይዟል፣ ይጠብቁ» ብዬ የምቆጣው ሴት፣ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ቦታ አደላደለ። ከበበ ከፊት፣ ኃይለ መስቀል በግራ፣ ወለተጊዮርጊስ መሃል። ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እርስዎ ከዳር ቢሆኑ ይሻላል። ከመኪናው ጋር።»

«ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ግን እሳፈር ነበር፤ አይደል?» አልኩት።

ወለተጊዮርጊስ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ነገሳ ፊቴን ብቻ እያየ ቆየ።

በዚያች ቀን ሊጠላኝ ይገባ ነበር። እሱ ግን እስከ ቤቴ ልሸኝዎት አለ። ዳገቱ ላይ ቀስ የሚለው ለእኔ ብሎ እንዳይመስልብኝ በየባሕር ዛፉ ሥር እየቆመ ስለ ወንዝ ያወራልኛል። እኔም ገብቶኝ ዝም አልኩ። በሚቀጥለው እሑድም ሸኘኝ። በሚቀጥለውም። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ፤ መቼ እንደሆነ እንኳ አላስተዋልኩም። ባወራሁ ቁጥር ያ ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነው። ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ያንን አስተያየት እያስታወስኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ወደድኩት። አበቃ። ከዚያ ሌላ ምን ቃል አለው?

አባቴ አቶ ዓምደ ሚካኤል የግምጃ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ ጥብቅ ሰው ናቸው። ነገሳ ለጉዞው ፈቃድ ሊጠይቅ ቤት በመጣ ቀን ቁጭ በል እንኳ ሳይሉት፦

«ወንዝ ዳር ትሂድ። ውሃ ላይ ግን እንዳትወጣ። ቃል ትሰጠኛለህ?» አሉት።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ጌታዬ» አለ ነገሳ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜአለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ሁለቱ ተጨባበጡና ጉዳዩ አለቀ። በሩን በምርኩዜ ብመታው ደስ ባለኝ ነበር።

ከጉዞው በፊት ልምምድ ይደረግ ተባለ። ኮተቤ የድሮ የድንጋይ ካባ አለ፤ ክረምት ሲወጣ ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሮ ይቀራል። ነገሳ ጀልባዋን እዚያ ነፋት። እንደ ደለበ በሬ ተነፍታ ውሃው ላይ ቁጭ አለች። ለሁሉም በቡሽ የተሞላ ሰደርያ አደለ። ለእኔ ደግሞ ረጅም ገመድ ሰጠኝና አወራወሩን አሳየኝ።

«የወደቀ ሰው ካለ ከፊቱ ወርውሪ፤ ራሱ ላይ አይደለም። ሲይዝ ተቀምጠሽ ሳቢ።»

«ማን ይወድቃል? ሁሉም ዋናተኛ ነው!» አልኩት።

ፈገግ አለ። ወደ ጀልባዋ ሄደ።

እያየኋቸው ነው። ነገሳ ከኋላ ተቀምጦ ወደ ግራው ዞሯል፤ ለኃይለ መስቀል መቅዘፊያ አያያዝ ያሳያል። «ቶኮ! ላማ! ቶኮ! ላማ!» እያለ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ይቆጥራል። ከበበ በስተቀኝ ነው። ሰደርያው ሱፉን እንዳያበላሽበት አልቆለፈውም። ሱፍ ለብሶ መምጣቱን ልብ በሉ! ለወለተጊዮርጊስ አንድ ነገር ሊያሳይ ብድግ አለ። ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች። ከበበ በጀርባው ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሰደርያው ከላዩ ተንሸራትቶ ብቻውን ተንሳፈፈ።

«ነገሳ!» አለ ብቅ ብሎ። ጠለቀ። ደግሞ ብቅ አለ። «ነገሳ! ኧረ በማርያም!»

ከነገሳ ቀኝ ክንድ ብዙም አይርቅም። ነገሳ ግን አልዞረም። «ቶኮ! ላማ!» ማለቱን ቀጠለ። ኃይለ መስቀል በድንጋጤ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ድምፅ አልወጣውም። ወለተጊዮርጊስ ፊቷን ሸፈነች።

ገመዱን ወረወርኩ። ከፊቱ ነው የወረወርኩት፤ ራሱ ላይ አይደለም። ከበበ ሁለት እጁን ጠመጠመበት። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ጤነኛ እግሬን ድንጋይ ላይ ተክዬ ሳብኩ። የእንጦጦ ዳገት ያፈረጠመው ክንድ አላሳፈረኝም። ከነሱፉ ከነጫማው ጎተትኩት። እያሳለ፣ እያለቀሰ፣ ጭቃው ላይ ተዘረረ።

ነገሳ ያን ጊዜ ነው የዞረው። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሌሎቹ ከበበን ከበው ሲስቁም ሲገሥጹም እኔ አልተነሳሁም። ስልክ ቤት ስንት ዓመት ሠርቻለሁ። የሚሰማ ሰውንና የሚሰማ የሚመስል ሰውን ለይቼ አውቃለሁ። ነገሳ ሁልጊዜ ጭንቅላቱን ዘንበል የሚያደርገው፣ በጠባብ መንገድ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል የሚሄደው፣ ከኋላው ሲጠሩት «ሐሳብ ይዞት ነው» የሚባለው... ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣልኝ። ከሁሉ በኋላ ደግሞ የመጨረሻው መጣ። ያ አስተያየት! ከንፈሬ ላይ የሚያርፈው ዓይኑ! ለካ እየሰማኝ ነበር። በዓይኑ እየሰማኝ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። አፈር ልብላ፤ እኔ ፍቅር ብዬው ነበር።

ሌሎቹ ከበበን ይዘው ወደ መኪናው ወጡ። ነገሳ ተንበርክኮ ጀልባዋን ያስተነፍሳል። ከኋላው፣ በቀኙ በኩል ቆምኩ።

«ነገሳ» አልኩ፣ በወትሮው ድምፄ።

አልዞረም።

«ነገሳ፣ አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ እወድሃለሁ።»

አየሩ ፉስስ እያለ ይወጣል። ነገሳ ጎማውን በጉልበቱ ይጫናል። ዞሬ ፊቱ ቆምኩ። ቀና ብሎ ፈገግ ሊል ሲል ፊቴን አየና ፈገግታው ቀረ።

«ቀኝ ጆሮህ አይሰማም።»

ወደ መኪናው ተመለከተ፤ ማንም የለም።

«እዚሁ ካባ ላይ ነው» አለ በመጨረሻ። «ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። ድማሚቱ ያለጊዜው ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ በቀኜ በኩል ዓለም የለም። ግራውም ከቅርብ ካልሆነ ደህና አይሰማም። መሥሪያ ቤቴ ካወቀ ከወንዝ ያነሳኛል። እነዚህስ ቢያውቁ? መሪያችን ደንቆሮ ነው ብለው ማን ይሳፈርልኛል?»

«ከበበ ሊሞት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«የእኔን እግር ከዳር አስቀምጠህ የራስህን ጆሮ ጀልባ ላይ ትጭናለህ? እኔ እውነት ተናግሬ ቀረሁ። አንተ ዋሽተህ መሪ ሆንክ!»

«ልትነግሪያቸው ነው?»

«እኔ? እኔ ለማንም አልናገርም። አንተ ትናገራለህ።» ከዚያ መዋጥ ያቃተኝን ነገር ተናገርኩት። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሳወራ ከንፈሬን የምታየው ለዚህ ነው?»

አንገቱን ደፋ።

«አዎ» አለ።

ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ መሰለኝ፤ እኔ ግን አልጠበቅኩም። ምርኩዜን አንስቼ ወደ መኪናው ወጣሁ። ማታ እናቴ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «ጭቃ ዓይኔ ውስጥ ገባ» አልኳት። ጭቃው ሌሊቱን ሙሉ አልወጣ አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ላለመሄድ ወስኜ ነበር። ወለተጊዮርጊስ መጥታ እየነዘነዘች ወሰደችኝ። ነገሳ ከሁሉ በፊት ደርሶ መሃል ቤት ቆሟል። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያሽከረክራል።

«ባለፈው እያንዳንዳችሁን ጠየቅኩ፤ የራሴን ግን አልነገርኳችሁም» አለ። «ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ከበበ ሲጠራኝ አልሰማሁትም። በእኔ ምክንያት ሊሞት ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ። ጉዞው ይቅር ካላችሁ ይቀራል።»

ከበበ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም...» አለ። «ዋና የምችል አይደለሁም እንግዲህ።»

«ይህን እንኳ አይተናል» አልኩት።

ሳቅ ፈነዳ። በሳቁ መሃል ኃይለ መስቀል ግንባሩን ጠረገ። «እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ ውሃ እፈራለሁ። መኪና ሲሆን ፍሬን አለው። ወንዝ ምን አለው?»

«እኔ ደግሞ» አለች ወለተጊዮርጊስ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ።»

ኃይለ መስቀል ከወንበሩ ተነሳ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሳ። «ለማን ነገርሽ?» አላት።

«አሁን ለአንተ ነገርኩህ!»

ያንን ሰው ያን ቀን ብታዩት! እንደዚያ ያለ ግዙፍ ሰው ሕፃን ሆኖ አለቀሰ። እልልታውን እኔ ነኝ ያቀለጥኩት፤ የራሴ ልብ የተሰበረ መሆኑን ለጊዜው ረስቼ።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ዝግጅት የተጀመረው። ባልና ሚስቱ ከወንዙ ዳር ከመኪናውና ከገመዱ ጋር እንዲሆኑ ተባለ፤ ኃይለ መስቀል ገመድ ውርወራ ከእኔ ይማር ተባለ። ለጀልባዋ ነገሳ ከመሥሪያ ቤቱ በዳዳ የሚባል ዋናተኛ ጨመረ። ከበበ ሰደርያውን ቆልፎ፣ ሱፉን ቤቱ ትቶ ይመጣል። በጩኸት ፈንታ በእጅ ምልክት እንነጋገራለን፤ ክንድ ሽቅብ ከሆነ ወደ ዳር ማለት ነው።

«በቀኜ በኩል የሚያይልኝና የሚሰማልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ ነገሳ። «ያየውን ነገር የማይደብቅ ሰው።» ወደ እኔ ዞረ። «ወርቄ፣ ትሆኚልኛለሽ?»

ተናድጄበታለሁ፤ አልደብቃችሁም። ለጆሮው እንደፈለገኝ ነው የገባኝ። ግን ወንዙን ደግሞ እፈልገዋለሁ።

«እሆናለሁ» አልኩ። «ብረቴን ግን ማውለቅ አለብኝ። ከነብረቴ ከወደቅሁ ቀጥታ ታች ነው የምወርደው።»

«እሱን አስቤበታለሁ። በመኪናው ይሄዳል። አንድ አስቸጋሪ ቦታ አለ፣ ውሃው ከገደል የሚወርድበት። እዚያ የተከልነው የውሃ መለኪያ ዘንግ አለ፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ነው። ቀዩ ከታየ በጀልባ እናልፋለን። ቀዩ በውሃ ከተሸፈነ ማንም አያልፍም፤ ሁላችንም ወርደን በድንጋዩ ላይ በእግር እንዞራለን።»

«ያለ ብረት እንዴት አድርጌ?»

«ሰው ይሸከምሻል።»

ከሕፃንነቴ ወዲህ ሰው ጀርባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ጎረቤት ሁሉ «ይህቺ ምስኪን» እያለ እየተቀባበለ ሲሸከመኝ አድጌ፣ ምርኩዝ የያዝኩ ቀን ሁለተኛ ብዬ ምዬ ነበር። «ቀዩ ይታያል» አልኩና ነገሩን ዘጋሁት።

የቀረው አባቴ ነበሩ። ነገሳ ራሱ መጣ። በዚህ ጊዜም ቁጭ በል አላሉትም።

«ጌታዬ፣ የሰጠሁዎትን ቃል ልመልስ መጣሁ» አለ። «ልጅዎ ጀልባ ላይ ብትሆን ለሁላችንም ይሻላል። ደግሞ ያልነገርኩዎት ነገር አለ፤ ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። የምትቀመጠው በቀኜ ነው።»

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ወድቃ ብትጮህ አትሰማትም ማለት ነው?»

«አልሰማትም።»

«ታዲያ?»

«አያታለሁ» አለ ነገሳ። «ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳም።»

እናቴ ከጓዳ ሳል ሳል አደረጋት። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፤ «አንቺስ? ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«እፈልጋለሁ አባባ።»

«እንግዲያ ቁጭ በላ፣ ምን ቆመህ ትቀራለህ!» ብለው ነገሳ ላይ ጮኹበት።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከናዝሬት ወዲያ ወርደን አዋሽ ዳር ደረስን። ብረቴን ፈትቼ ለወለተጊዮርጊስ ሰጠኋት። እነሱ በመኪና ወደ ታች ሄዱ። እኛ አራታችን ጀልባዋ ላይ ወጣን። ከበበና በዳዳ ከፊት፣ ነገሳ ከኋላ፣ እኔ ከፊቱ በቀኙ በኩል።

ወይኔ ወገኖቼ! ውሃ ላይ እግር ምን ይሠራል? ማንም እግሩን አይጠቀምም! ጀልባዋ ሽቅብ ትወረወራለች፣ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ውሃው ፊቴን በጥፊ ይለኛል፣ እኔ በሁለት ክንዴ እቀዝፋለሁ። «ቶኮ! ላማ!» ከበበ በፍርሃት የመላእክትን ስም ሁሉ ይጠራል፤ ግን መቅዘፉን አላቆመም። በስተቀኝ ድንጋይ ሳይ በእጄ አመለክታለሁ፤ ነገሳ ያያል፣ ያዞራል። እኔ ወርቄ ሰው ሁሉ የሚጠብቀኝ ሳልሆን ሰው የምጠብቅ ሆንኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ከሩቅ የገደሉ ድምፅ መጣ። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ። ዋናው ቦታ ያ ነው፤ ለእሱ ነው የመጣነው። ዘንጉን ፈለግሁ። በቀኝ ዳር ቆሟል። ነጩን አየሁ። ትንሽ ነጭ፣ ከዚያ ውሃ።

ደግሜ አየሁ። ከነጩ ሥር ያለው አረፋ ብቻ ነው። ቀዩ የለም። ባለፈው ሌሊት ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሯል።

ከእኔ በቀር ያየ የለም። ከበበና በዳዳ መቅዘፊያቸውን ነው የሚያዩት። ነገሳ በግራ ያለውን ድንጋይ ሊሸሽ ፊቱን አዙሯል። እኔ ዝም ካልኩ እንገባለን። ምናልባትም በደህና እንወጣ ይሆናል። ከተናገርኩ ግን ሰው ጀርባ ላይ፣ እግሬ እንደ ጨርቅ እየተንጠለጠለ፣ «ምስኪን» ሆኜ መውጣቴ ነው። ያውም በእሱ ጀርባ፤ ለጆሮው ብቻ በፈለገኝ ሰው ጀርባ።

የከበበን ማጅራት አየሁ። ሰደርያውን እስከ አንገቱ ቆልፎታል፤ እኔን አምኖ ነው።

ክንዴን ሽቅብ አነሳሁ።

ነገሳ አልጠየቀኝም። ዞሮ አንዴ ብቻ አየኝና መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ተከለ። «ወደ ዳር!» ሁላችንም ባለ በሌለ ኃይላችን ቀዘፍን። ጀልባዋ ሆዷ ጠጠር እስኪነካ ድረስ አልተነፈስኩም።

ከዳር ሆነን ወደ ታች ተመለከትን። ውሃው ከድንጋዩ ወድቆ ወደ ላይ ተመልሶ ይፈላል። ከላይ የመጣ ትልቅ ግንድ እያየነው ገባ፤ ሁለተኛ አልወጣም። ከበበ አማተበ፤ ከዚያ መጣና እጄን ሳመ። አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም፤ ከበበ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሱና በዳዳ ጀልባዋን በገመድ ይዘው በዳር በዳር ወረዱ። ነገሳ ከፊቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበረከከ።

«ውጪ» አለኝ።

ወጣሁ። ምን ላድርግ? ክንዴን አንገቱ ላይ ጠመጠምኩ። ተነሳና ድንጋዩን መውጣት ጀመረ። አፌ ግራ ጆሮው አጠገብ ነው። እንባዬ አንገቱ ላይ እንዳይወርድ ቀና እላለሁ።

«ከበድኩህ?»

«አልከበድሽም።»

«አሁን እንኳ ከንፈሬን ሳታይ ትሰማኛለህ» አልኩት። ነገር ሊወጣኝ ነው፤ ምላሴ እንደሆነ ምንም አልጎደለበትም ብያችኋለሁ። «ለመስማት ስትል ያን ያህል ጊዜ ስታየኝ ደክሞህ ይሆናል። አሁን ዕረፍ።»

ጥቂት እርምጃ ሄደ። ቆመ።

«ካባው ላይ ትተሽኝ ሄድሽ እንጂ አልጨረስኩም ነበር» አለ። «መጀመሪያ ቀን ለመስማት ነው ያየሁሽ። አልዋሽሽም።»

«እሺ። ሰማሁ። ሂድ አሁን።»

«ወርቄ፣ አንቺ ሁልጊዜ አታወሪም እኮ። ዳገቱ ሲከብድሽ ዝም ትያለሽ። እኔ ስናገር ዝም ትያለሽ። ባሕር ዛፉ ሥር አርፈሽ ከተማውን ስታዪ ዝም ትያለሽ።» ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ከሸክሙ አልነበረም። «ዝም ስትይስ? ያን ጊዜ ምን ልሰማ ነበር የማይሽ?»

ምንም አላልኩም። እኔ! መልስ አጣሁ።

«አስቀምጠኝ» አልኩት በመጨረሻ።

«ገና አልደረስንም።»

«አስቀምጠኝ አልኩህ!»

አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠኝና ከፊቴ ቁጢጥ አለ። የገደሉ ጩኸት ዓለሙን ሞልቶታል። እዚያ ቦታ ላይ ካልጮኹ በቀር የእሱ ጆሮ ቀርቶ የማንም ጆሮ አይሠራም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ሽማግሌ ልላክ?» ነው ያለው። ልብ በሉ፣ እኔም አንብቤ ነው ያወቅሁት። አባቴን ከመጠየቁ በፊት እኔን ጠየቀኝ።

ሁለት ጉንጩን በእጄ ይዤ፣ በደንብ እንዲያይ ቀስ ብዬ፣ «ላክ» አልኩት።

አየኝ። ከንፈሬን አየ፤ ዓይኔን አየ፤ ደግሞ ወደ ከንፈሬ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እዚያ ድንጋይ ላይ የሆነውን ለእናንተ የምናገር አይደለሁም።

ብቻ በመሃሉ፣ ከታች፣ ከነገሳ በስተቀኝ በኩል ከበበ ጉሮሮው እስኪነቃ ሲጮህ ተሰማኝ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ምን ሆናችሁ ቀራችሁ? ጀልባዋ እየጠበቀች ነው!»

ነገሳ አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ፤ ግን አልነገርኩትም።